በታች ክፍል ደፋር፣ በላይኛው ዓይን አፋር፦ በደብረ ብርሃን የተከታተልኩት የሥነ ተዋልዶ ጤና ትምህርት

ባለፈው የትምህርት ዘመን ሁለተኛ መንፈቅ፣ ሦስቱ ልጆቼ በሚማሩበት በደብረ ብርሃን ከተማ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት፣ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንድ ክፍለ ጊዜ ለሥነ ተዋልዶ ጤና ተመድቦ ለአሥር ሳምንታት ትምህርት ተሰጥቷል። ያስተማሩት የትምህርት ቤቱ የሳይንስ መምህራን፣ የሴቶች ክበብ ተጠሪ የሆነችው መምህርት እና በአቅራቢያው ካለው ጤና ጣቢያ በየሁለት ሳምንቱ የምትመጣ ነርስ ናቸው። ልጆቼ 2ኛ፣ 5ኛ እና 8ኛ ክፍል ስለነበሩ አንዱን ትምህርት በሦስት ዕድሜ ለማየት ዕድል አገኘሁ፤ ርዕሰ መምህሩን አስፈቅጄ ስድስት ክፍለ ጊዜ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ተከታተልኩ፣ ለተማሪዎች የታደሉትን ጽሑፎች አነበብኩ፣ በወላጆች ስብሰባም ተገኘሁ። ትምህርት ቤቱን በስም የማልጠቅሰው ከዚህ በታች የምነቅፈው ነገር ስላለና ነቀፌታዬ በሥራው ላይ እንጂ በሰዎቹ ላይ እንዲያርፍ ስለማልፈልግ ነው።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ትምህርቱ ለትንንሾቹ እጅግ ጥሩ፣ ለመካከለኞቹ ጥሩ፣ ለትልልቆቹ ግን ደካማ ነው። ድክመቱ ከዕውቀት ማነስ የመጣ አይደለም፤ በሦስቱም ክፍሎች የሚያስተምሩት እነዚያው ሰዎች ናቸው። ነገር ግን የተማሪዎቹ ጥያቄ ወደ ኑሯቸው በቀረበ ቁጥር የመምህራኑ ድምፅ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ጥቂት ማወቅ ለሚበቃው ልጅ ሁሉን በግልጽ የነገሩ ሰዎች ብዙ ማወቅ ያለበት ልጅ ፊት ሲቆሙ ቃል ያጥራቸዋል።

የ2ኛ ክፍሉ ትምህርት ስለ ወሲብ አይደለም። ይህን መግለጽ ያስፈለገኝ ስሙን ብቻ ሰምተው ዓርብ ከሰዓት ልጃቸውን ቤት ያስቀሩ ወላጆች ስለነበሩ ነው። መምህርቷ በሰሌዳው ላይ የሰው ቅርጽ ሥላ ልጆቹ የአካል ክፍሎችን እየጠሩ እንዲያመለክቱ አደረገች፤ ግንባር፣ ክርን፣ እምብርት፣ ብልት፣ መቀመጫ፣ ጉልበት። «ብልት» የሚለውን ቃል «ክርን» ባለችበት ድምፅ ተናግራ አለፈች። ጥቂት ልጆች ሳቁ፤ እሷ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም፤ ሳቁም በራሱ ጊዜ ቆመ። በየቤታችን ለዚህ አካል ያለን ስም «እንትን» ነው፤ «እንትን» ደግሞ የጠፋብን ዕቃ ሁሉ ስም ነው። አንድ ሕፃን በደል ቢደርስበት ለእናቱም ሆነ ለሐኪም ወይም ለፖሊስ የሚያስረዳበት ቃል ከሌለው፣ የደረሰበትን ለመናገር ቢደፍር እንኳ የሚሰማው ሰው ላይረዳው ይችላል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2009 አውጥቶ በ2018 ያሻሻለው ዓለም አቀፍ መመሪያ ትምህርቱን ከ5 ዓመት ዕድሜ የሚያስጀምረውም ለዚህ ዕድሜ የሚሆነው ነገር እንዲህ ያለው ስለሆነ ነው፤ የገዛ አካልን በስሙ ማወቅ፣ አልፈልግም ማለት መቻል፣ ለማን እንደሚነገር ማወቅ።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ስለ ምሥጢር ተማሩ። ለእናታቸው የበዓል ስጦታ አዘጋጅተው እስከ በዓሉ ዝም ማለት ደስ የሚያሰኝ ምሥጢር ነው፤ ሆድ የሚያስጨንቅና «ለማንም እንዳትናገሪ» የተባለ ምሥጢር ግን ምሥጢር ስላልሆነ ወዲያውኑ ይነገራል። ከዚያም እያንዳንዱ ልጅ አንድ እጁን ዘርግቶ በአምስቱ ጣቶቹ የሚነግራቸውን አምስት ሰዎች ቆጠረ። ታናሿ ልጄ እኔን በአውራ ጣቷ፣ አባቷን በትንሿ ጣት ቆጥራ መጥታ ቤታችን ውስጥ ጥቂት ቅሬታ ተፈጥሯል። ይህን ትምህርት ከምንም በላይ የማደንቀው እኛ የለመድነውን ስለሚያርም ነው። ልጆቻችንን «አያ ጅቦ ይበላሃል»፣ «የማታውቀው ሰው ከረሜላ ቢሰጥህ እንዳትቀበል» እያልን ከሩቅ ሰው ስናስጠነቅቅ ኖረናል፤ በልጆች ላይ የሚፈጸም ጥቃት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ልጁ ከሚያውቀውና ከሚያምነው ሰው ነው።

ከዚሁ ጋር ተያይዞ የተነሳ አንድ ክርክር አለ። እንደሚታወቀው በእኛ አካባቢ እንግዳ ሲመጣ ልጅ ተጠርቶ ይሳማል፤ ከእናቱ ቀሚስ ጀርባ የሚደበቅ ልጅ ጨዋነት የጎደለው ተደርጎ ይቆጠራል። አንድ አባት በስብሰባው ላይ ልጃቸው አጎቱን አልስምም ብሎ እንዳሳፈራቸው በምሬት ተናገሩ። መምህርቷም «ጋሼ፣ ሰላምታ ይቅር አላልንም፤ ጎንበስ ብሎ እጁን ቢሰጥ አክብሮቱ አይጎድልም። መሳሙን ግን እሱ ይወስን ነው ያልነው፤ ዛሬ ለአጎቱ እንቢ ማለት ያልተፈቀደለት ልጅ ነገ ለሌላው እንቢ ማለትን ከየት ያመጣዋል?» ብላ መለሰችላቸው። አባትየው የተስማሙ አይመስለኝም፤ ልጃቸውን ግን ከትምህርቱ አላስወጡም።

የ5ኛ ክፍሉ ትምህርት ስለ ጉርምስና ነው፤ ጊዜውም ትክክል ነው። የሴት ልጅ አካል ከ8 እስከ 13፣ የወንድ ልጅ ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ መለወጥ ይጀምራል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው የወር አበባ ከመጣ በኋላ የሚሰጥ ትምህርት ጎርፍ ካለፈ በኋላ የሚቆፈር ቦይ ነው። እኔ በመሐል ሜዳ ከተማ 6ኛ ክፍል እያለሁ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ሲመጣብኝ የማይድን በሽታ የያዘኝ መስሎኝ እስከ ትምህርት ማብቂያ ከወንበሬ አልተነሳሁም። ታላቅ እህቴ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ሰጥታኝ «ከእንግዲህ ከወንድ ራቂ» አለችኝ። የተሰጠኝ ትምህርት በሙሉ ይኸው ነበር፤ ከወንድሞቼ ጋር በአንድ ገበታ ለመብላት እንኳ ለብዙ ቀን ስፈራ ቆየሁ።

ነርሷ፣ ሁሉም «ሲስተር» ነው የሚላት፣ ለዚህ ክፍል የሰጠችው ማብራሪያ ግልጽና ተግባራዊ ነበር። የወር አበባ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን እንደሚቆይ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መዘበራረቁ የተለመደ እንደሆነ፣ በአፍላ ዕድሜ ከአንዱ እስከ ሌላው ከ21 እስከ 45 ቀን ሊፈጅ እንደሚችል፣ ሞዴስ በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ እንደሚቀየር ነገረቻቸው። ሞዴስ መግዛት ለማይችሉት ታጥቦ ተመልሶ የሚሠራ ጨርቅ አሳይታ ወሳኙ ነገር ፀሐይ ላይ ማስጣት እንደሆነ አስረዳች። አንዲት ልጅ «በክረምት ፀሐይ ከየት ይመጣል?» ብላ ጠየቀች፤ የደብረ ብርሃንን ሐምሌ የሚያውቅ የጥያቄውን ክብደት ያውቃል። ሲስተርም ጨርቁን ምድጃ አጠገብ ካደረቁ በኋላ በሁለቱም በኩል በደንብ በጋለ ካውያ መተኮስ እንደሚቻል፣ ሰው እንዳያየው ተብሎ እርጥቡን ፍራሽ ሥር መደበቅ ግን ማሳከክና ቁስለት እንደሚያስከትል መለሰች። እንዲህ ያለው መልስ የሚገኘው ጥያቄን ከሚያዳምጥ ሰው ብቻ ነው።

የወር አበባውን ክፍለ ጊዜ ወንዶቹም አብረው መከታተላቸው ተገቢ ነው። ሹራቧን ወገቧ ላይ ያሰረችን ልጅ ማሽሟጠጥ ከዚያ ወዲህ ቀንሷል ይላል መካከለኛው ልጄ፤ ጠፍቷል ግን አላለኝም። ወንዶቹ ለብቻቸው ከወንድ መምህር ጋር በተቀመጡበት ክፍለ ጊዜ እኔ እንድገባ አልተፈቀደልኝም፤ ትክክልም ነው። ልጄ እንደነገረኝ ከጥያቄ ሣጥኑ፣ ማለትም ከላይ ከተበሳው የብስኩት ካርቶን፣ በብዛት የወጣው ጥያቄ ሕልመ ሌሊት የመታው ልጅ ታሟል ወይስ ኃጢአት ሠርቷል የሚል ነበር። መምህሩ ነገሩ ከጉርምስና ጋር የሚመጣ የጤናማ አካል ሥራ መሆኑን ገልጾ፣ ቤተ ክርስቲያን ስለ መግባትና ስለ መቁረብ የንስሐ አባታቸውን እንዲጠይቁ፣ ሙስሊም ተማሪዎችም ስለ መታጠቡ ሥርዓት አባቶቻቸውን እንዲጠይቁ ነግሯቸዋል። የሳይንሱን መልስ ከሃይማኖቱ ሳያጋጭና አንዱን በሌላው ሳይሸፍን ሁለቱንም በየቦታው ያስቀመጠ መልስ ነው፤ ብዙ የተማሩ ሰዎች ሲሳሳቱበት አይቻለሁ።

ከትምህርቱ ጋር የተያያዘው የሴት ተማሪዎች ማረፊያ ክፍል ግን ከጽሑፉ ጋር አይመጣጠንም። ክፍሉ አለ፤ አግዳሚ ወንበር፣ የተቆለፈ የሞዴስ ሣጥንና የተዘጋጀ ትርፍ ቀሚስም አለ። ውኃው ግን በፈረቃ ነው፤ የሣጥኑ ቁልፍ በአንዲት መምህርት እጅ ስለሆነ እሷ በቀረችበት ቀን ክፍሉ ከነዕቃው ከንቱ ነው። ዓለም አቀፉ የወር አበባ ንጽሕና ቀን ሜይ 28 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 20 ላይ ይውላል። ትውልዴ ያን ቀን የሚያስታውሰው በሌላ ምክንያት ቢሆንም ትምህርት ቤቱ በዚያ ሰሞን ክፍሉን ቀለም አስቀብቶ አስመርቆታል። ከቀለሙ በፊት ሁለተኛ ቁልፍ ማስቀረጽ ይቀድም ነበር።

ስለ ማሕፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት የተሰጠው አጭር ማብራሪያ በቂ ነው። ክትባቱ በአገራችን በ2011 ዓ.ም የ14 ዓመት ልጃገረዶችን በመከተብ ተጀምሮ፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በአንድ መርፌ እንዲሰጥ መደረጉን፣ የሚከላከለው ኤችፒቪ የተባለውን ቫይረስ መሆኑን፣ «መካን ያደርጋል» የሚለው ወሬ መሠረት እንደሌለው ሲስተር በአሥር ደቂቃ ተናግራ ጨረሰች።

አሁን ወደ 8ኛ ክፍል ልምጣ። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የተከፈተው በአባላዘር በሽታዎች ሥዕሎች ነው፤ ሁሉም ሥዕሎች ሕክምና ያላገኘና ሥር የሰደደ ቁስል የሚያሳዩ ናቸው። በ1990ዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ የፀረ ኤድስ ክበባችን ግድግዳ ላይ የራስ ቅል ተሥሎ ነበር፤ «መታቀብ፣ መታመን» የሚሉትን ቃላት በግጥምም በድራማም ተምረናቸዋል። በሽታውን እንድንፈራ አድርጎናል፤ በሽታው የያዛቸውን ሰዎችም እንድንፈራ አድርጎናል፤ ምርመራ የት እንደሚደረግ ግን በዚያ ሁሉ ድራማ ውስጥ የነገረን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ይህን ያህል ዘመን አልፎ ልጄም በሥዕል መፈራራትን ስትማር ማየት አሳዝኖኛል። በሥዕሎቹ ውስጥ ያልተነገረው ዋናው ነገር ብዙዎቹ የአባላዘር በሽታዎች ምንም ምልክት ሳያሳዩ ሊቆዩ እንደሚችሉ፣ እንደ ቂጥኝና ጨብጥ ያሉትም በጊዜ ከተደረሰባቸው በመድኃኒት እንደሚድኑ ነው።

የሕጉ ክፍለ ጊዜ ከዚህ ይሻላል። መምህሩ በ1992 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወንድም ሴትም 18 ዓመት ሳይሞላቸው ጋብቻ እንዳይፈጽሙ መከልከሉን፣ በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648 ደግሞ ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ልጅ የሚያገባ ሰው ልጅቷ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት እንደሚታሰር አነበበላቸው። ልጆቹ ጸጥ ብለው አዳመጡ። ከዚያ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ ጓደኛዋ ልትዳር ቢሆን ለማን እንደምትናገር ጠየቀች። የተሰጣት መልስ «ለሚመለከተው አካል» የሚል ነበር። የሚመለከተው አካል በዚህች አገር በየማስታወቂያው ላይ ስሙ የሚጠራ፣ ፊቱን ግን ማንም አይቶት የማያውቅ ፍጡር ነው፤ የ14 ዓመት ልጅ ፈልጋ ልታገኘው አትችልም። መምህሩ ፖሊስ ጣቢያውን፣ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ቢሮውን ወይም የክበቡን ተጠሪ መምህርት በስምና በቦታ ቢነግራት ከአንቀጹ ቁጥር ይልቅ ይጠቅማት ነበር።

ከሁሉ የከፋው ግድፈት ስለ መደፈር በተሰጠው ትምህርት ውስጥ ነው። ድርጊቱ ወንጀል መሆኑ ተነግሯል፣ ጥፋቱ የተጎጂዋ አለመሆኑም ተነግሯል፤ ይህ የሚመሰገን ነው። ከዚያ በኋላ ምን ይደረግ ለሚለው ግን አንድ መስመር እንኳ የለም። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ መሆኑን፣ ቶሎ በተጀመረ መጠንም እንደሚሻል፣ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ድረስ ሊሰጥ እንደሚችል፣ ልብስን ሳያጥቡ ይዞ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ማስረጃውን እንደሚያቆይ ያልሰማች ልጅ፣ አፍራና ታጥባ ሳምንት ከቆየች በኋላ ብትናገር ሊደረግላት ከሚችለው ነገር ብዙው አምልጧታል። ስለ እርግዝና መከላከያም ስሙ ብቻ ተጠርቶ «በ9ኛ ክፍል ትማሩታላችሁ» ተብሎ ታልፏል። የ9ኛ ክፍል ሥነ ሕይወት መጽሐፍ ስለ መራባት እንደሚያስተምር እውነት ነው፤ ነገር ግን በታችኞቹ ክፍሎች በአማርኛ የተማረ ልጅ 9ኛ ሲገባ የሳይንስ ትምህርቱ ሁሉ እንግሊዝኛ ይሆንበታል። ስለ ገዛ አካሏ ለመረዳት መዝገበ ቃላት መግለጥ የሚኖርባት ልጅ ተምራለች ለማለት አልደፍርም።

ይህን ያህል ያከረርኩት በእኛ ዞን 8ኛ ክፍል መጨረሱ ምን ማለት እንደሆነ ስለማውቅ ነው። ከባሶና ወራና፣ ከአንጎለላና ጠራ፣ ከሌሎቹም ወረዳዎች የገጠር ቀበሌዎች ብዙ ልጆች ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወደ ከተማ መጥተው ሁለትና ሦስት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ፤ ቅዳሜ ወደ ቤተሰብ ሄደው ለሳምንት የሚሆን ስንቃቸውን በጀርባቸው ተሸክመው ይመለሳሉ። በ14 እና በ15 ዓመታቸው ያለ ወላጅ፣ ያለ ታላቅ፣ ከማያውቁት አከራይ ጋር በአንድ ግቢ ይኖራሉ። በልጄ ክፍል የጥያቄ ሣጥኑ ሲከፈት መምህሩ አንዲት ወረቀት ገልጦ ዐይቶ አጥፎ ወደ ኪሱ ከተተ። ጸሐፊዋ የልጄ ጓደኛ እንደሆነች በኋላ ሰማሁ፤ የጻፈችው «ቤት ተከራይቼ ስኖር ማታ በሬን የሚያንኳኳ የማውቀው ሰው ቢሆን ልክፈት ወይስ አልክፈት?» የሚል ነበር። በዚህ ጥያቄ ውስጥ የሚያሳፍር ቃል አንድም የለም።

መምህሩን ስጠይቀው የሰጠኝ ምክንያት የወላጆችን ቁጣ ነው። በስብሰባው ላይ የተቀመጥነው አብዛኞቻችን እናቶች ስንሆን አባቶች ከአሥር አይበልጡም ነበር፤ ደጋግሞ የተነሳውም ማሳወቅ ማነሳሳት ነው የሚለው ሐሳብ ነው። ዩኔስኮ መመሪያውን ሲያሻሽል የመረመራቸው ጥናቶች ይህን ትምህርት ያገኙ ወጣቶች ወሲብ ለመጀመር እንደማይቸኩሉ ያሳያሉ፤ ይህን የተናገረ ሰው አልነበረም። የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ አንዲት አረጋዊት ብቻ «እኔ በአሥራ ሁለት ዓመቴ ስዳር ምንም አላውቅም ነበር፤ አለማወቄ ከምን አዳነኝ?» አሉ። ማንም አልመለሰላቸውም፤ ስብሰባው ወደ ደንብ ልብስ ጉዳይ ተሻገረ።

ለሚያመነቱ ወላጆች ጥቂት ተግባራዊ ነገር ላክል። ለትምህርቱ ክፍያ የለም፤ ለሞዴስ ሣጥኑ በፈቃድ የሚዋጣ ገንዘብ አለ። የሚታደለው ጽሑፍ በአማርኛ ነው፤ የ2ኛ ክፍሉ በሥዕል የተሞላ፣ የ8ኛ ክፍሉ በደረቅ ፎቶ ኮፒ የተባዛና በከፊል የማይነበብ ነው። ነጥብ ስጪ ብባል ለ2ኛ ክፍሉ ከ10 ውስጥ 9፣ ለ5ኛው 7፣ ለ8ኛው 3 እሰጣለሁ፤ 8ኛው ያቺን 3 ነጥብ ያገኘውም በሕጉ ክፍለ ጊዜ ነው። ታናሿንና መካከለኛውን በሚመጣው ዓመትም አስተምራቸዋለሁ።

ታላቋ ግን 9ኛ ክፍል ስለምትገባ የዓርቡ ትምህርት አይደርስላትም። ስለዚህ አንድ ቀን ጠዋት እሷንና ጓደኛዋን ይዤ ሲስተር ወደምትሠራበት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ለወጣቶች አገልግሎት የተለየችው ክፍል ከመድኃኒት ማደያው ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ለመግባት አይከፈልም፣ የወላጅ ፊርማም አይጠየቅም። እኔ ውጭ አግዳሚ ላይ ቆየሁ። ሲስተር በሰሌዳው ፊት ያለፈችውን ሁሉ፣ 72 ሰዓቱንም፣ የሚንኳኳውንም በር ጨምራ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ነገረቻቸው።